የሚስማር ሰማያዊ

ሚስማር የወጣለት ስም ነው። እናትና አባቱ ያወጡለትን የሚያውቁት እህቱና የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ብቻ ናቸው። ሚስማር ያሉት ብስክሌት ነጂዎች ናቸው፤ ደረቱን ነፍቶ ወደ ሱቁ የገባ ሁሉ ተንፍሶ ስለሚወጣ።

ሥራው የድሮ የውድድር ብስክሌቶችን ማደስ ነበር። ሠላሳና አርባ ዓመት ጣሪያ ሥር የተረሳ፣ ዝገት የበላው፣ ሰንሰለቱ የደረቀ ብስክሌት ይመጣለታል። ብሎኑን በብሎን ፈትቶ፣ ፍሬሙን እስከ ብረቱ አስፍቆ፣ የተጎዳውን በስቱኮ ሞልቶ፣ ዝገት የሚከላከል አንቲረስት ቀብቶ፣ ከዚያ ቀለሙን ስድስት ጊዜ ይረጨዋል። በየርጭቱ መሃል በውሃና በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። መጨረሻ ላይ የወጣውን ብስክሌት ያየ ሰው ከፋብሪካ የመጣ ነው ቢሉት ያምናል።

ሱቁ ጠባብና ረጅም ነው፤ ድሮ የመኪና ማቆሚያ ነበር። ከወገቡ በኋላ በወፍራም ላስቲክ ተጋርዶ የመርጫ ክፍል ሆኗል። ፍሬሞቹ ከጣሪያው በመንጠቆ ይንጠለጠላሉ፤ ሳያጎነብስ የገባ ግንባሩን ይመታል። ሚስማርም ጎንበስ በል ብሎ አያውቅም፤ ከተመታ በኋላ «ቀለሙን እንዳትነካው» ነው የሚለው። በመንገዱ በኩል አንድ ትልቅ መስኮት አለ። ቀለም የሚታየው እዚያ ብቻ ነው፤ ያውም ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት። አምፖል ውሸታም ነው ይላል።

ምላሱስ? አንድ አስተማሪ ብስክሌቱን ራሱ ቀብቶ አምጥቶለት ነበር። ዞር ዞር ብሎ አየውና፣ «መምህር፣ በምን ቀባኸው? በመጥረጊያ ነው በንዴት?» አለው። ይሄስ ያስቃል። ሌላ ጊዜ ሚስቱ የሞተችበት ሰውዬ የእሷን ብስክሌት ለማስታወሻ አድስልኝ ብሎ ይዞ መጣ። ሚስማር ፍሬኑን ጨበጥ አድርጎ ለቀቀና፣ «በዚህ ፍሬን ነበር የምትነዳው? እንግዲህ ምን ገደላት ብለህ ሐኪም አትጠይቅ» አለው። ሰውዬው ብስክሌቱን እዚያው ጥሎ ሄደ፤ አልተመለሰም። ሚስማርም ፍሬሙን አስፍቆ ለሌላ ደንበኛ ቀባው። ምላስ አጥንት የላትም አጥንት ትሰብራለች የተባለው ለሱ ዓይነቱ ነው።

ታዲያ ለምን ይመጡበታል? በቀለም አቻ ስለሌለው ነው። ፀሐይ የበላው ብስክሌት እውነተኛ ቀለሙ ምን እንደነበር ባለቤቱ እንኳ ይረሳዋል። ሚስማር ግን የት እንደሚፈለግ ያውቃል። የፍሬኑን ሽቦ ከፍሬሙ ጋር የሚያስረው ትንሽ የብረት ቀለበት አለ። እሱ ሲፈታ፣ ሥሩ ፀሐይና ዝናብ ነክቶት የማያውቅ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቀለም ይገኛል። «ምስክሩ እሱ ነው፤ የቀረው ሁሉ ወሬ ነው» ይላል። ያቺን ጥፍር የምታህል ቀለም እያየ በጥብጦ በጥብጦ፣ አዲሱንና አሮጌውን መለየት እስኪያቅት ድረስ ያመሳስለዋል። ለዚህ ነው ስድቡን እየዋጡ የሚመጡት።

የሚያስፍቀው እህቱን ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ትበልጣታለህ ብሎ እግዜር አደራ የሰጠው እህቱን። ትዳሯ በአራተኛው ዓመት ፈርሶ ሻንጣዋን ይዛ ስትመጣ የኋላዋን ክፍል ሰጣት፤ በማግስቱ ደግሞ ብርጭቆ ወረቀት ሰጣት። ይኸው ዐሥራ ስድስት ዓመት ትፍቃለች። የጣቶቿ አሻራ ጠፍቷል፤ መታወቂያ ልታሳድስ ሄዳ ማሽኑ አላውቅሽም ብሎ መልሷታል። መርጫውን ግን አንድም ቀን አስነክቷት አያውቅም።

አንድ ጊዜ፣ ገና እንደመጣች፣ ሁለት የቀይ ቀለም ቆርቆሮ ፊቷ አስቀምጦ «የትኛው ነው ከዚህ ፍሬም ጋር የሚሄደው?» አላት። አንዱን አሳየችው። ደንበኞች ፊት ሆዱን ይዞ ሳቀ። ልክ ትሁን ትሳሳት ማንም አልጠየቀም፤ እሱም አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያስተዋውቃት እንዲህ ነው፦ «እህቴ ናት። እጅ አላት፤ ዓይን የላትም።» እሷም ፈገግ ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ፈገግታዋን አይቶ አልከፋትም የሚል ካለ ሴት አሳድጎም እህት ኖሮትም አያውቅም።

እንግዲህ ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ሚስማር በቀለም ሻጮች ላይ መነጫነጭ አበዛ። «ነጩን ቅቤ አስመስለው ይሸጡልናል! ሰማያዊውን ጭቃ ጨምረውበታል!» ይላል። ሦስት ሱቅ ቀየረ። ሦስቱንም ተሳደበ። እህቱ ቆርቆሮዎቹን እየከፈተች ታያለች፤ ነጩ ነጭ ነው፣ ሰማያዊውም ሰማያዊ። አንድ ቀን ጠዋት ለጥቁር ፍሬም ጥቁር ሰማያዊ ቆርቆሮ ከፍቶ መርጫው ውስጥ ሲሞላ አየችው። ዓይኑ እንደከዳው ያኔ ገባት። ስድቡን ሁሉ ረስታ አዘነችለት።

 ጠጋ ብላ፣ ለራሷ እንደምታወራ፣ «ይሄን ጥቁር ሰማያዊ ልክደነው፣ ጥቁሩ እዚያ ነው» አለች። እጁ ቆመ። ሳይዞር መርጫውን ገለበጠውና ጥቁሩን አነሳ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዲህ ሆነ ኑሯቸው። ደንበኛ ቀለም ሲጠይቅ እሷ ከጀርባው አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አረንጓዴው»፣ «ብርቱካኑ» ትላለች፤ እሱ ደግሞ ጮክ ብሎ እንደ ራሱ ይናገራል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላሳሳተችውም። አንድም ቀን አላመሰገናትም።

አንድ ጊዜ ብቻ ደፍራ አንስታበታለች።

«ወንድምጋሼ፣ የዓይን ሐኪም ጋ ለምን አንሄድም? ሞራ ከሆነ በግማሽ ቀን ያነሱታል አሉ። እኔ እወስድሃለሁ።»

«የማንን ዓይን?»

«የአንተን... ትንሽ የደከመ መስሎኝ ነው።»

«ስለ ዓይን ታወሪያለሽ አንቺ? ዓይንሽ አይቶ ቢሆን ኖሮ ያንን ሰውዬ ታገቢ ነበር?»

ብርጭቆ ወረቀቷን ውሃ ነክራ መፈቅፈቋን ቀጠለች። እሱ በበኩሉ ነገሩን እንዳልተባለ ቆጠረው። ግን ፈርቶ ነበር፤ ሌሊቱን ሳይሆን ቀኑን ነበር የሚፈራው። ይሄ ከታወቀ ማን ፍሬሙን ያመጣል? ዕውር ቀቢ ማለት ሽባ ሯጭ ማለት ነው። ሰው ደግሞ በሱ ላይ የሚስቅበትን ቀን ስንት ዓመት እንደጠበቀ ከራሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

በዚህ መሃል ጀርባው መጣ።

ጀርባው የድሮ ተወዳዳሪ ነው። ስሙ የወጣለት ተቀናቃኞቹ ፊቱን ስለማያውቁት ነው፤ ሲጋልቡ የሚያዩት ጀርባውን ብቻ ነበር። ከአርባ ዓመት በፊት ትልቁን ውድድር ያሸነፈ ጊዜ ሚስማር የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ዳር ቆሞ አጨብጭቧል። ካደገና ሱቅ ከከፈተ በኋላ ግን፣ የቀድሞ ብስክሌተኞች በተሰበሰቡበት አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እሱ እኮ ያሸነፈው ነፋሱ ከኋላው ስለነበረ ነው፤ ሶፋም ቢሆን ይቀድም ነበር» ብሎ አስቆበታል። ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም። ጀርባው ጥርሱን ነክሶ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሱቁን አልረገጠም። አሁን ማኅበራቸው የድል ብስክሌቱን አዳራሽ ውስጥ ሊሰቅልለት ስለሆነ፣ ከሚስማር ሌላ ደግሞ የሚያሳምረው ሰው ስለሌለ፣ ኩራቱን ውጦ መጣ።

ብስክሌቱ ሰማያዊ ነበር ይባላል። አሁን የዝናብ ውሃ የጠጣ ግድግዳ ይመስላል።

«የዚያን ቀኑን ሰማያዊ ነው የምፈልገው» አለ ጀርባው። «ሌላ ሰማያዊ አልፈልግም።»

«ነፋሱንስ? ጨምሬ ላምጣልህ?»

ጀርባው ቆቡን አስተካክሎ ወጣ። እህቱ ከኋላ ሆና ዓይኖቿን ጨፈነች።

ሦስት ሳምንት ፈቀፈቀችው። ቀለበቱን ስትፈታ ሥሩ ምስክሩ ተገኘ፤ ጥርት ያለ ውሃ ሰማያዊ፣ ትናንት የተቀባ የሚመስል። ሚስማር መጥቶ አየው፤ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ የእጁን አንጓ ማሸት ጀመረ። «እጄን አሞኛል» አለ። «አንቺ በጥብጪው። እኔ አያለሁ።»

ዐሥራ ስድስት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነበር። ነጩን አፈሰሰች፣ ሰማያዊውን በማንኪያ ጫፍ ጨመረች፣ ጥቁሩን በክብሪት እንጨት። እርጥብ ቀለም ሲደርቅ እንደሚጠቁር ታውቃለች፤ ስለዚህ በቁራጭ የሙከራ ቆርቆሮ ላይ እየቀባች፣ እያደረቀች፣ መስኮቱ ጋ እየወሰደች ከምስክሩ ጋር አስተያየች። ሁለት ጠዋት ፈጀባት። በሁለተኛው ቀን አራት ሰዓት ላይ ቆርቆሮውን ምስክሩ አጠገብ ስታስጠጋው ድንበሩ ጠፋ። አንድ ሆኑ። ለሠርጓም እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

«ወንድምጋሼ፣ ና እየው!»

መጣ። ቆርቆሮውን ወደ ብርሃኑ አዞረው። እሱ የሚያየው የዛገ፣ ወደ አረንጓዴ ያደላ ነገር ነው። በልቡ ያለው ሰማያዊ ግን የሃያ ዓመት ልጅ ሆኖ መንገድ ዳር ቆሞ ያየው ነው።

«ይሄ አረንጓዴ ነው» አላት።

«ጋሼ... ከምስክሩ ጋር አስተያየው እስቲ።»

አስተያየው። ምስክሩም እንደዚያው አረንጓዴ ሆኖ ታየው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ቢያስብ፣ ሁለቱም ከተመሳሰሉ ጉድለቱ የት እንዳለ ለመረዳት ያን ያህል ብልህነት አይጠይቅም ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እሱ ከዓይኑ ይልቅ ዕድሜ ልኩን የማለበትን ምስክር ካደ።

«አርባ ዓመት ግሪስ የጠጣ ቀለም ነው፤ ቢጫ ሆኗል። ምስክር አይሆንም። እኔ በዓይኔ ያየሁት አለኝ።»

የበጠበጠችውን አንስቶ፣ ዓይኗ እያየ፣ ከቆሻሻው ቲነር ጋር ደፋው። ከዚያ ራሱ ጀመረ። ሰማያዊ በማንኪያ፣ ሌላ ሰማያዊ በማንኪያ። «ሰማያዊ የሚሞቀው በቀይ ነው» ብሎ ቀይ ጠብ አደረገበት፤ ደግሞ ጠብ።

«ጋሼ፣ ሐምራዊ እየሆነ ነው።»

«ዝም በይ።»

«በእናታችን ይዤሃለሁ፣ ሐምራዊ ነው!»

«ዓይን ሳይኖራት አማካሪ ሆነች ደግሞ!»

ሦስተኛም ጊዜ ነገረችው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ስድስት ጊዜ ረጨው፤ እሷም በየመሃሉ በውሃ አሸችው፣ ምክንያቱም እንድታሸው አዝዟታል። ቬርኒሹ ሲደርቅ ሚስማር ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ተራምዶ አየውና ፊቱ በራ። የዚያን ቀኑ ሰማያዊ ነበር። በዕድሜው እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መጡ፤ ጀርባውና ሰባት የማኅበሩ ሰዎች። ድሮ እንደ ሽቦ የነበሩ፣ ዛሬ ሆዳቸው ቀድሟቸው የሚገባ ሽማግሌዎች። ሁለቱ ግንባራቸውን ፍሬም መታቸው። ብስክሌቱ መስኮቱ ሥር አንሶላ ለብሶ ቆሟል። ሚስማር ንግግር አላደረገም፤ በአንድ እጁ አንሶላውን ገፈፈው።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ይሄ ብስክሌት ነው የሚዜ ቀሚስ?» አለ ከኋላ አንዱ።

ጀርባው ቀስ ብሎ ዞረው። ኮርቻውን ነካ፤ መሪውን ነካ። «ሰማያዊ ነበር ያልኩህ።»

«ሰማያዊ ነው» አለ ሚስማር።

«ይሄ?»

«ሰማያዊ ነው! ምን ሆናችኋል?»

ፊታቸውን አየ። አንዱ አፉን በእጁ ይዟል። አንዱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ዞሮ እህቱን ሲያያት አንገቷን ደፋች፤ ያኔ አወቀ።  እዚህ ላይ ዓይኔ ደክሟል ቢል ኖሮ፣ ከስምንቱ ቢያንስ ሦስቱ እንኳ ደግፈው ወንበር ላይ ያስቀምጡት ነበር፤ ሰው ምንም ቢሆን ሰው ነው። ሚስማር ግን ዓይኑን በጨው አጠበ።

«እሷ ናት!» አለ፣ በጣቱ እያሳየ። «እጄን አሞኝ አንድ ቀን ባምናት ይኸው ጉድ ሠራችኝ። እሷ ናት የበጠበጠችው። ዓይን የላትም ብዬ ስንት ጊዜ ነግሬያችኋለሁ? ባሏም እኮ ያለ ምክንያት አልጣላትም፤ የነካችው ሁሉ ይበላሻል!»

ስምንቱም ዞረው አዩዋት። ቆማለች፤ እርጥብ ብርጭቆ ወረቀት በእጇ ይዛለች። አንደኛው ሽማግሌ «አይ እህቴ፣ ምነው?» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ፊቷ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ደም አልባ ሆነ። እንባ አልነበረም። ስድቡን ዐሥራ ስድስት ዓመት ችላዋለች፤ ያንን ሁለት ጠዋት የበጠበጠችውን ሰማያዊ ደፍቶ ይህን ሐምራዊ የሷ ማለቱን ግን መቻል አቃታት። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ።

ጀርባው እሷን አላያትም ነበር። ሚስማርን ነበር የሚያየው፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት የራበው ሰው ሳህን እንደሚያይ።

«እንግዲያው» አለ፣ «የአንተ ዓይን ደህና ነው?»

«ከአንተ ይሻላል።»

«ደግ። ደህና ከሆነ ጥፋቱ የእህትህ ነው፤ እሷን እንወቅሳለን።» ከኮቱ ኪስ የተጣጠፈ መሐረብ አወጣና ሚስማር ፊት ዘረጋው። «ይሄ ምን ቀለም ነው?»

ሚስማር ሳቅ ለማለት ሞከረ። መሐረቡ የከረመ ቅቤ መስሎ ይታየዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ነጭ ሁሉ እንዲህ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ ነጭ መሆን አለበት። ነጭ ነው። ግን እውነተኛ ቢጫ ቢሆንስ? ያም ቢሆን እንዲሁ አይደል የሚታየው? ምላሱ፣ ያቺ በሰው ላይ ተንሸራትታ የማታውቅ ምላስ፣ ጥርሱ ላይ ቆመች። ስምንት ሰው አፉን እያየ ነው። ላብ ከጆሮው ሥር ወረደ።

እህቱ ወለሉ ላይ የወደቀውን አንሶላ ልታነሳ ጠጋ አለች። ከወንድሟ ኋላ ስትደርስ ጎንበስ አለችና፣ በዚያ ሁለት ዓመት በለመደው ድምፅ፣

«ቢጫ» አለችው።

ልቡ ነጭ ብሎታል። እሷ ቢጫ አለችው። እሷ ደግሞ አንድም ቀን አሳስታው አታውቅም። ዕድሜ ልኩን አምንሻለሁ ብሏት የማያውቅ ሰው በዚያች ቅጽበት ከራሱ ይልቅ እሷን አመነ። ደረቱ ተመለሰለት።

«ቢጫ ነዋ!» አለ ጮክ ብሎ። «ሕፃን መሰልኩህ?»

መጀመሪያ የሳቀው ግንባራቸውን ከተመቱት ሽማግሌዎች አንዱ ነው፤ ሳይፈልግ አመለጠው። ከዚያ ሌላው። ከዚያ አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ፣ ሦስተኛው ግድግዳ ተደግፎ፣ ሱቁ በሙሉ ሳቅ ሆነ፤ የስንት ዓመት ስድብ ያጠራቀመው ሳቅ። አላፊ አግዳሚ በመስኮቱ ያይ ጀመር። ጀርባው ብቻ አልሳቀም። መሐረቡን በሥነ ሥርዓት አጣጥፎ ኪሱ ከተተና እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሞ ያዳምጥ ነበር።

ሚስማር ወደ እህቱ ዞረ። ፊቷን ፈልጎ እስኪያገኝ ጥቂት ጊዜ ወሰደበት።

«ነጭ መስሎኝ ነበር» አላት፣ ቀስ ብሎ።

አንሶላውን አጥፋ ክንዷ ላይ አደረገች።

«ልክ ነበርክ፣ ወንድምጋሼ» አለችው፣ ስምንቱም እንዲሰሙ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «ነጭ ነው።»